ስም ያልተሰጠው አግዳሚ መስመር

የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት በጥቂቱም ቢሆን የቀመሰ ሰው አንድ ሥዕል አይረሳም። ሁለት የተጋደሙ መስመሮች አሉ። ከታች ባለው ላይ «ቫለንስ ባንድ»፣ ከላይ ባለው ላይ «ኮንዳክሽን ባንድ» ተብሎ ተጽፏል። በመካከላቸው ያለው ባዶ ሥፍራ «ክፍተት» ይባላል። ከታች ወደ ላይ አንዲት ቀስት ትወጣለች፤ ኤሌክትሮኑ ኢነርጂ አግኝቶ ክፍተቱን ዘለለ ማለት ነው። በግራ በኩል በቆመው መስመር አጠገብ «ኢነርጂ» የሚል ቃል ሰፍሯል። ተማሪው ይህን ይገለብጣል፤ ይሸመድዳል፤ በፈተና ቀን መልሶ ይሥላል፤ ያልፋል።

እኔም በተማሪነቴ ዘመን ይህን ሥዕል ደጋግሜ ገልብጫለሁ። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ጓደኛችን እጁን አወጣና፣ «የቆመው መስመር ኢነርጂ ነው፤ የተጋደመውስ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። መምህራችን ሰሌዳውን ትንሽ ካዩ በኋላ «እሱ ምንም አይደለም፤ ለሥዕሉ ያህል ነው» አሉ። ክፍሉ ሳቀ፤ ጠያቂውም አፍሮ ተቀመጠ። በዚያ ሳቅ ውስጥ ምን እንደ ጠፋ ለመረዳት ብዙ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። የተጋደመው መስመር ስም አለው፤ ስሙም ሞመንተም ይባላል። እርሱን ሸሽጎ ስለ ሴሚኮንዳክተር፣ በአማርኛችን ስለ ከፊል አስተላላፊ፣ ማስተማር ግማሹን እውነት ሙሉ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ጨርሶ ያልተማረ ሰው አለማወቁን ስለሚያውቅ ይጠይቃል። ግማሹን እንደ ሙሉ የተማረ ሰው ግን ያወቀ ስለሚመስለው ጥያቄውን ይዘጋል። እኔን የሚያስቆጨኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

በአንድ ፋኖስ ውስጥ ሁለት ቁስ

ነገሩ የመጻሕፍት ወግ ብቻ እንዳይመስል ከቤታችን እንነሣ። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው የምሥራቅ አፍሪቃ መንደሮችም ሆነ መብራት በሚጠፋባቸው ከተሞች የሶላር ፋኖስ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ቀን እንደ እህል ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ማታ ያበራል። በአናቱ ላይ ያለችው ጠቆር ያለች ሰሌዳ ከሲሊከን የተሠራች ናት። የምታበራው ትንሽ ፍሬ ግን ሲሊከን አይደለችም። እርሷ ኢንዲየም ከተቀላቀለበት ጋሊየም ናይትራይድ የተሠራች ስትሆን፣ የምትሰጠውም ሰማያዊ ብርሃን ነው። በላይዋ የተቀባው ቢጫ ዱቄት ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል፤ ሁለቱም ተደባልቀው ለዓይናችን ነጭ ሆነው ይታያሉ።

ለመሆኑ ሁለት ቁስ ስለምን አስፈለገ? ሲሊከን በአሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኝ፣ የሰው ልጅ ከማናቸውም ከፊል አስተላላፊ አብልጦ የተካነበት ቁስ ነው። ብርሃን ተቀብሎ ኤሌክትሮኑን ወደ ላይኛው ባንድ የሚያወጣ ከሆነ፣ ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ሲወርድ ያንኑ ብርሃን ለምን አይሰጠንም? በሁለቱ መስመሮች ሥዕል ብቻ የሚተማመን ሰው ለዚህ መልስ የለውም። በሥዕሉ መሠረት ወደ ላይ የወጣች ቀስት ወደ ታች እንዳትመለስ የሚከለክላት አንዳች ነገር አይታይምና።

ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የሲሊከን ክፍተት ትንሽ ስለሆነ ብርሃኑ ለዓይን አይታይም» የሚል ነው። በራሱ ትክክል ነው። የሲሊከን ክፍተት 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ከዚያ የሚወጣ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 1,100 ናኖሜትር ያህል ሲሆን፣ የዓይናችን አቅም ግን ከ700 ናኖሜትር ብዙም አያልፍም። ዳሩ ግን የተጠየቀው ይህ አልነበረም። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እንደሚባለው፣ ስለ ሞመንተም ለተጠየቀው በኢነርጂ መመለስ ነው።

ለዚህም ሁለት ምስክሮች አሉኝ። የመጀመሪያው ጋሊየም አርሰናይድ ነው። ክፍተቱ 1.42 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ብርሃኑም 870 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ እርሱም ለዓይን አይታይም። ይሁን እንጂ ብርሃን የመስጠት ችሎታው ከፍ ያለ ነው፤ የቴሌቪዥን ሪሞታችን ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ከእርሱና ከቅርብ ዘመዶቹ በተሠራች ፍሬ ነው። ሲሊከን ግን የማይታየውን ብርሃን እንኳ በወጉ አይሰጥም። ሁለተኛው ምስክር ሲሊከን ካርባይድ ነው። ክፍተቱ 3 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ሰፊ በመሆኑ ሰማያዊ ብርሃን ለመስጠት ይበቃል፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማም ከእርሱ የተሠሩ ሰማያዊ ፍሬዎች ለገበያ ቀርበው ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብርሃናቸው ግን እጅግ ደካማ ነበር። እንግዲህ ጠባብ ክፍተት ኖሮት የሚያበራ፣ ሰፊ ክፍተት ኖሮት የማያበራ ቁስ ካለ፣ ምክንያቱ የክፍተቱ ስፋት አይደለም ማለት ነው። ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

ሁለት መዝገብ

በ1928 ፌሊክስ ብሎክ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት በጀርመን አገር በላይፕዚግ ከተማ በቬርነር ሃይዘንበርግ ሥር የዶክትሬት ጥናቱን ሲሠራ፣ በክሪስታል ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ ሆኖ በሥርዓት በተደረደሩት አቶሞች መካከል መዝለቅ እንደሚችል አሳየ። በ1931 ደግሞ እንግሊዛዊው አላን ዊልሰን ከዚህ ተነሥቶ አንዱ ቁስ አስተላላፊ፣ ሌላው የማያስተላልፍ፣ ሦስተኛው በመካከል የሚቆምበትን ምክንያት በባንዶች አማካይነት አስረዳ። ዛሬ በየመጽሐፉ የምናገኘው የባንድ ሥዕል የእነዚህ ሰዎች ሥራ ልጅ ነው። ሥዕሉ ከእነርሱ እጅ ሲወጣ ግን የተጋደመው መስመር ስም ነበረው።

በክሪስታል ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ሁለት መለያዎች አሉት። አንደኛው ኢነርጂው ነው። ሁለተኛው ሞመንተሙ ሲሆን፣ የሚለካውም በሞገዱ መጠጋጋት ነው፤ የሞገዱ ጫፎች በተቀራረቡ ቁጥር ሞመንተሙ ይበዛል። ኢነርጂን በቆመው መስመር፣ ሞመንተምን በተጋደመው መስመር ላይ አድርገን ብንሥል እነዚያ ሁለት ደረቅ መስመሮች ወደ ተራራና ሸለቆ ይለወጣሉ። የታችኛው ባንድ ጫፍ ያለው ጉብታ ይሆናል፤ የላይኛው ባንድ ደግሞ ሸለቆዎች ይኖሩታል። በጋሊየም አርሰናይድ የላይኛው ሸለቆ ወለል ልክ ከጉብታው ጫፍ በላይ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ቱምቢ ቢጣል ይገናኛሉ። በሲሊከን ግን አይገናኙም። ጉብታው በመካከል፣ ሞመንተም ዜሮ በሆነበት ላይ ሲቆም፣ የሸለቆው ወለል ከመካከል ወደ ድንበሩ ከሚወስደው መንገድ 85 በመቶ ያህሉ ላይ ይገኛል። እንዲህ ያሉ ሸለቆዎችም በስድስት አቅጣጫ ስድስት ናቸው።

ተፈጥሮ ሁለት መዝገብ እንደሚይዝ ጥንቁቅ ነጋዴ ናት። በአንዱ መዝገብ የኢነርጂን፣ በሌላው የሞመንተምን ገቢና ወጪ ትጽፋለች። ማናቸውም ግብይት የሚጸድቀው ሁለቱም መዝገቦች ሲመዛዘኑ ነው። የኢነርጂው ሒሳብ ልክ ሆኖ የሞመንተሙ ቢጎድል ግብይቱ አይፈጸምም። ሁለቱ መስመሮች ያሉበት ሥዕል የሚያሳየን አንዱን መዝገብ ብቻ ነው።

አሁን የብርሃን ቅንጣት፣ ፎቶን፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ እንመርምር። ፎቶን በኢነርጂ ባለጸጋ፣ በሞመንተም ድኻ ነው። ሒሳቡን አንባቢው ራሱ ሊሠራው ይችላል። የሲሊከን ክሪስታል ቅርጹን የሚደግመው በየ0.543 ናኖሜትሩ ነው፤ ክፍተቱን ለመሙላት የሚበቃው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ደግሞ 1,100 ናኖሜትር ያህል ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብናካፍል 2,000 ገደማ እናገኛለን፤ በ85 በመቶ ስናበዛው ወደ 1,700 ይመጣል። ይህም ማለት ኤሌክትሮኑ ከጉብታው ጫፍ ወደ ሸለቆው ወለል ለመሻገር ከሚያስፈልገው ሞመንተም ፎቶኑ የያዘው ከ1,700 አንድ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ብርሃን በባንድ ሥዕል ላይ የሚሥለው ቀስት ቀጥ ብሎ የሚወጣ ወይም ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነው። በሲሊከን ጉብታና ወለል መካከል የሚያስፈልገው ቀስት ግን ያዘመመ ነው፤ ያንን ብርሃን ብቻውን ሊሥለው አይችልም።

የጎደለውን የሚሞላ ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል። እርሱም የአቶሞቹ ድርድር ንዝረት ነው፤ ቅንጣቱ ፎኖን ይባላል። ፎኖን የፎቶን ተቃራኒ ነው። ኢነርጂው ቢበዛ 0.06 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው፤ ሞመንተሙ ግን የተትረፈረፈ ነው። ኤሌክትሮን፣ ፎቶንና ፎኖን በአንድ ቅጽበት ሲስማሙ ሁለቱም መዝገቦች ይዘጋሉ። ሦስት ሰው በአንድ ሰዓት ማገናኘት ሁለት ከማገናኘት እንደሚከብድ ሁሉ ይህም ከባድ ነው። በዚህ ምክንያት በሲሊከን ውስጥ ኤሌክትሮን ብርሃን እየሰጠ የመውረድ ዕድሉ ከጋሊየም አርሰናይድ ሲነጻጸር ከአሥር ሺህ እጅ አንዱን እንኳ አያክልም። ኤሌክትሮኑ ያን ብርቅ አጋጣሚ ሲጠብቅ በክሪስታሉ ጉድለቶች ወጥመድ ይወድቅና ኢነርጂውን ለሙቀት ይለቃል።

ፋኖሱ ሁለት ቁስ የያዘበት ምሥጢር እነሆ። የሶላር ሰሌዳውም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሲሊከን ለክፍተቱ የሚቀርበውን ብርሃን የሚውጠው በዝግታ ስለሆነ የሰሌዳው ሲሊከን ወደ 150 ማይክሮሜትር ያህል መወፈር ያስፈልገዋል፤ ለጋሊየም አርሰናይድ ግን ከ1 እስከ 3 ማይክሮሜትር ይበቃዋል። በአንጻሩ፣ አንድ ጊዜ የወጣው ኤሌክትሮን በሲሊከን ውስጥ ቶሎ ብርሃን ሆኖ ስለማይጠፋ፣ ክሪስታሉ ንጹሕ ከሆነ ወደ ሽቦው ለመድረስ ጊዜ ያገኛል። በ1954 የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ከፀሐይ ብርሃን 6 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠውን ሕዋስ የሠሩት ከዚሁ ከሲሊከን ነበር። ለመብራት ነውር የሆነው ጠባይ ለሶላር ጸጋ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚናገረው የተጋደመው መስመር ነው።

ብዙ ሞመንተም፣ ዜሮ ፍጥነት

አንዳንድ መምህራን «እኛ ሞመንተምን እንጠቅሳለን» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ይጠቅሳሉ። ነገር ግን «ሞመንተም ማለት መጠነ ቁስ ሲባዛ በፍጥነት ነው» ብለው ያልፋሉ። ይህ ለሚንከባለል ኳስ ይሠራል፤ በክሪስታል ውስጥ ላለ ኤሌክትሮን ግን ያሳስታል።

በሲሊከን ሸለቆ ወለል ላይ ያለውን ኤሌክትሮን እንመልከት። ሞመንተሙ ትልቅ መሆኑን ከላይ አይተናል። ፍጥነቱስ? ዜሮ ነው። ተማሪው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ መደንገጡም ተገቢ ነው፤ ኳሱን ብቻ ነውና የነገርነው። በባንድ ሥዕል ላይ ፍጥነት የሚነበበው ከመስመሩ ተዳፋት ነው። መስመሩ ሽቅብ ባቀና ቁጥር ኤሌክትሮኑ ይፈጥናል፤ በወለሉ ላይ ተዳፋት ስለሌለ ፍጥነትም የለም። የሸለቆው ጉብጠት ደግሞ ኤሌክትሮኑ ምን ያህል የከበደ መስሎ እንደሚታይ ይነግረናል። ጠባብና ሾጣጣ ሸለቆ ቀላል ኤሌክትሮን፣ ሰፊና ዝርግ ሸለቆ ከባድ ኤሌክትሮን ማለት ነው። በጋሊየም አርሰናይድ ሸለቆ ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን በባዶ ሕዋ ካለው ኤሌክትሮን 0.067 እጅ ብቻ የሚመዝን ይመስላል፤ በኤሌክትሪክ ግፊት ከሲሊከን ይልቅ በቀላሉ የሚንቀሳቀስበትም ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ይህ ሞመንተም የኤሌክትሮኑ ብቻ የግል ንብረት ስላልሆነ የክሪስታል ሞመንተም የሚል ስም ተሰጥቶታል። አቶሞቹ በሥርዓት ስለ ተደረደሩ ቆጠራው ማለቂያ የለውም ማለት አይደለም፤ ሰዓት ከአሥራ ሁለት በኋላ ወደ አንድ እንደሚመለስ፣ እርሱም ድንበሩን ሲያልፍ በሌላው ጫፍ ተመልሶ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ፍትሐዊ ነገር ልናገር። የተጋደመው መስመር ሞመንተም ያልሆነበት የባንድ ሥዕልም አለ። ስለ ዳዮድ ወይም ስለ ትራንዚስተር ሲነገር መስመሩ ቦታን ያመለክታል፤ ከቁሱ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ማለት ነው። ሥዕሉ ጠቃሚ ነው፤ ባንዶቹ በመገጣጠሚያው ላይ እንዴት እንደሚጎብጡ ያሳያል። ጥፋቱ የሚመጣው ሁለቱ ሥዕሎች ያለ ስም ሲቀርቡ ነው። ያን ጊዜ ተማሪው የሞመንተሙን ሸለቆ በሲሊከኑ ውስጥ ያለ ጉድጓድ አድርጎ ያስበዋል፤ ኤሌክትሮኑም ከአንድ ሥፍራ ወደ ሌላ ሥፍራ ሲዘል ይታየዋል። ይህ ሁሉ መምታታት በመስመሩ ሥር አንድ ቃል በመጻፍ ይቀር ነበር።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ይህ ለጀማሪ ይከብዳል» የሚል ነው። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ ከላይ ካለው ውስጥ ከማካፈልና ከማባዛት የሚያልፍ ሒሳብ የት አለ? የብሎክን ሙሉ ስሌት ለጀማሪ አቅርቡ አላልሁም። ሁለት መዝገብ መኖሩን፣ ብርሃን አንዱን ብቻ መሙላት እንደሚችል ንገሩት አልሁ። በዱቤ የሚሸጥ ባለ ሱቅ የሚረዳውን ነገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይረዳውም ማለት ንቀት ነው።

ሁለተኛው «እኛ ገዝተን እንጠቀማለን እንጂ አንሠራም፤ ምን ይረባናል?» የሚል ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የሰማያዊው መብራት ታሪክ ራሱ ይመልስለታል። ክፍተቱ የሚበቃው ሲሊከን ካርባይድ በእጅ እያለ፣ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ለማምረት እጅግ አስቸጋሪ በነበረው በጋሊየም ናይትራይድ ላይ ዓመታት አጠፉ፤ በ2014ም የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተቀበሉ። ጋሊየም ናይትራይድ ሸለቆውና ጉብታው ፊት ለፊት የተገናኙበት ቁስ ነው። በ2020 ደግሞ በኔዘርላንድ የአይንድሆቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የሲሊከንና የጀርማኒየምን ቅይጥ በተለየ የክሪስታል አደራደር አሳድገው ብርሃን እንዲሰጥ አደረጉ። አደራደሩ ሲለወጥ ሸለቆው ከጉብታው ፊት ለፊት መጣ። በር ገና አልተዘጋም። የእኛ ልጆች ወደዚያ በር ለመቅረብ በቅድሚያ የተጋደመው መስመር ስም እንዳለው ማወቅ አለባቸው።

ሦስተኛው «አማርኛ ለዚህ ቃል የለውም» የሚል ነው። ጋራዥ የሚሠራ ወጣት ጎማና ካምቢዮ ሲል ከጣሊያንኛ መበደሩን አያስብም፤ መኪናውን ግን ፈትቶ ይገጥማል። ሞመንተም፣ ፎቶንና ፎኖን እንዳሉ ይግቡ፤ ሸለቆ፣ ጉብታ፣ ተዳፋትና መዝገብ ግን ጥንትም የእኛ ነበሩ። ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ያነበበ ሰው ቋንቋው እንዳልጎደለው አይቷል። የጎደለው የማስረዳት ፈቃድ ነው።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይላሉ አበው። እንግዲህ መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ነገ ጠዋት እነዚያን ሁለት መስመሮች በሰሌዳ ላይ ስትሥሉ ከሥራቸው ቦታ ወይም ሞመንተም ብላችሁ ጻፉ። ቃሉን ለማብራራት ጊዜ ባይኖራችሁ እንኳ ጻፉት፤ ቢያንስ ተማሪው ያልተነገረው ነገር እንዳለ ያውቃል። ወላጆችም ማታ ፋኖሱ ሲበራ ልጃችሁ «የሶላሩ ቁስ ራሱ ለምን አያበራም?» ቢላችሁ አትሳቁበት። ያ ከኋላ የተቀመጠው ጓደኛችን ከዚያን ቀን በኋላ በክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም።